የቤተሰብ ፎቶን መረጃ በፋይሉ ውስጥ ስለ መጻፍ

ቀድሞ አንድ ፎቶ ታጥቦ እጃችን ሲገባ ገልብጠን ጀርባው ላይ እንጽፍበት ነበር። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት ሰዎች ስም፣ ብዙ ጊዜም «ለማስታወሻ ይሁንህ» የሚል ቃልና ፊርማ በእስክሪብቶ ይሰፍር ነበር። ዛሬ በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉትን ሰዎች ለይተን ለማወቅ የቻልነው በአብዛኛው በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ፎቶ ፋይል ከሆነ ወዲህ ግን ይህ ልማድ ተቋርጧል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች በስልክና በሃርድ ዲስክ ውስጥ ተከማችተው፣ ማን ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተነሣ የሚያውቀው ያነሣው ሰው ብቻ ሆኗል። የሚጻፍበት ቦታ ግን አልጠፋም። እያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ከምስሉ ጎን ለጎን ጽሑፍ የሚይዝ ክፍል አለው፤ ይህም ሜታዳታ ይባላል፤ በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞችም ልናየውና ልንሞላው እንችላለን።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። ስለ ፎቶው የምናውቀውን ሁሉ በፎልደር ስም፣ በስልክ ጋለሪ ወይም በአንድ ፕሮግራም ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ፣ ነገ ሌላ ሰው በሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መንገድ፣ በአማርኛ እንጻፈው። ይህን ለማድረግ ማወቅ ያለብን ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የውጭ አገር መመሪያዎች ጨርሶ የማያነሷቸው፣ ከእኛ የቀን አቆጣጠርና ከፊደላችን የሚመጡ ናቸው።

በአንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ዓይነት ሜታዳታ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ እነርሱን መለየት ይጠቅማል። አንደኛው በ1995 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው ኤግዚፍ ነው፤ በዋነኛነት የሚሞላው ካሜራው ራሱ ሲሆን የካሜራውን ሞዴል፣ የሌንሱን የትኩረት ርቀት፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ፎቶው የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ በስልክ ከተነሣም ብዙ ጊዜ የጂፒኤስ መገኛውን ይይዛል። ሁለተኛው አይፒቲሲ የሚባለው ነው፤ የዜና ተቋማት ፎቶን ከርዕሱ፣ ከመግለጫው፣ ከፎቶ አንሺው ስምና ከከተማው ጋር ለመላላክ ያወጡት ስለሆነ የሚሞላው ሰው ነው። ሦስተኛው የፎቶሾፕ ሠሪው ኩባንያ አዶቤ በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውና በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የአይኤስኦ ደረጃ የሆነው ኤክስኤምፒ ነው፤ ይህ የሁለቱንም መረጃ መያዝ የሚችል፣ ከሁሉ ይልቅም ፊደላችንን ያለ ችግር የሚቀበል ነው። አንድ መግለጫ በሦስቱም ውስጥ ተደጋግሞ ሊገኝ ይችላል፤ በአንዱ ተስተካክሎ በሌላው አሮጌው የቀረ እንደሆነ አንዱ ፕሮግራም አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን እያሳየ ግራ ያጋባል። ስለዚህ አንድን ሳጥን፣ ማለትም አንድን የመረጃ መሙያ ቦታ፣ ለይቶ ከሚያርም መሣሪያ ይልቅ ሦስቱን አስማምቶ የሚጽፍ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም መጠቀም ይሻላል።

እኔ የምጠቀመው ዲጂካምን ነው። ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሠራ፣ ኬዲኢ የተባለው የነጻ ሶፍትዌር አዘጋጆች ማኅበረሰብ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። አንድ ፎቶ መርጠን በስተቀኝ በኩል «ሜታዳታ» የሚለውን ትር ስንከፍት ኤግዚፉን፣ የካሜራው አምራች ለብቻው የሚጽፈውን ክፍል፣ አይፒቲሲውንና ኤክስኤምፒውን ለየብቻ ያሳየናል። «ካፕሽንስ» በሚለው ትር ደግሞ መግለጫውን፣ ርዕሱን፣ የፎቶ አንሺውን ስም፣ ቀኑንና ታጎቹን፣ ማለትም ፎቶው የሚፈለግባቸውን ቁልፍ ቃላት፣ እንሞላለን። በዊንዶውስ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ዲቴይልስ» የሚለውን መክፈት ለፈጣን ፍተሻ ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። ከትእዛዝ መስመር ጋር፣ ማለትም ኮምፒውተርን በጽሑፍ ከማዘዝ ጋር የተለማመደ ሰው ፊል ሃርቪ የተባለ ካናዳዊ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጀውን ኤግዚፍቱል ቢይዝ ከዚህ የጠለቀ መሣሪያ አያገኝም።

ሥራውን በአንድ ፎቶ ላይ ባሳይ ይሻላል። ከአያቴ አልበም የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጀርባው ላይ «ጥር 11 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ከሥሩም ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ፋይሉ የያዘው መረጃ የስካነሩን ስምና የስካኑን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፎቶዎችን በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረድር ይህንን የጥምቀት ፎቶ ትናንት በስልክ ከተነሣ የልደት ኬክ አጠገብ ያስቀምጠዋል። በኤግዚፍ ውስጥ ግን ፎቶው የተነሣበት ቀን እና ምስሉ ዲጂታል የሆነበት ቀን የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው። ስካነሩ የጻፈው በሁለተኛው ውስጥ ከሆነ እውነት ነውና አንነካውም፤ የምንሞላው የመጀመሪያውን ነው። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ባለማወቅ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሞላቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ፎቶው መቼ ስካን እንደተደረገ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል። ይህ መረጃ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ፎቶ በተሻለ ጥራት ስካን ሲያደርገው ከሁለቱ ቅጂዎች የቱ አዲስ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው።

አሁን ቀኑን እንሙላ ስንል ትልቁ ጉዳይ ይመጣል። የኤግዚፍ ቀን የሚጻፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥር 11 ቀን 1965 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በሳጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት 1973 ነው። ከጀርባው የተነበበው 1965 እንዳለ ከተጻፈ ፎቶው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በፎቶው ላይ ያለች የአምስት ዓመት ልጅም ከመወለዷ በፊት የተነሣች ትመስላለች። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ያለው ደግሞ ስምንት ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም መቶ ፎቶ በተከታታይ ስንሞላ በቀላሉ የሚዘነጋው ይኸው ነው። የዘመን መለወጫ ከጎርጎርዮሱ ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን ከሚሆንበት) በፊት ባለው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል በመስከረም የተነሣን ፎቶ በግምት ሳይሆን በቀን መቀየሪያ አስልቶ መሙላት ያስፈልጋል። ጳጉሜን ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት፤ የፕሮግራሙ የቀን መምረጫ ወሮችን ከ1 እስከ 12 ብቻ ስለሚያውቅ አሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልም። ጳጉሜን 3 ቀን 1970 ዓ.ም. የሚል ፎቶ ቢገኝ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይገባል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ አንድ ጥብቅ ደንብ አለኝ። በቀን ሳጥኑ ውስጥ የተሰላውን የጎርጎርዮስ ቀን አስገባለሁ፤ በመግለጫው ውስጥ ግን ከፎቶው ጀርባ የተነበበውን ቃል በቃል፣ ሆሄያቱንም ሳላርም እገለብጣለሁ። ስሌቱ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ምንጩ ከፋይሉ ጋር ስላለ የሚመጣው ሰው ሊያርመው ይችላል። ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነም የፎቶውን ጀርባ ለብቻው ስካን አድርጌ ከፊቱ ጋር በተቀራራቢ የፋይል ስም አስቀምጠዋለሁ።

ቀኑ ሳይታወቅ ዓመቱ ብቻ የሚታወቅ ፎቶም ብዙ ነው። ኤክስኤምፒ ዓመት ብቻ፣ ወይም ዓመትና ወር ብቻ መጻፍን ይፈቅዳል፤ ኤግዚፍና አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን ሙሉ ቀን ይጠይቃሉ። «1965 ዓ.ም.» ብቻ የሚል ጽሑፍ ሲገጥመን ያ ዓመት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1972 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ስለሆነ በሁለት የጎርጎርዮስ ዓመታት ላይ ይወድቃል። ከዓመቱ 365 ቀናት 253ቱ በ1973 ውስጥ ስለሚገኙ እኔ 1973ን እመርጣለሁ፤ ቀኑንና ወሩን ጃንዋሪ 1 አደርግና «ቀኑ በግምት» የሚል ታግ እጨምርበታለሁ። ይህ ታግ ባይኖር ኖሮ ግምቱን ከእርግጠኛው መለየት አይቻልም ነበር። ደግሞም በአንድ ፍለጋ በግምት የተሞሉትን ፎቶዎች ሁሉ ሰብስቦ ለሽማግሌዎች ለማሳየትና ለመጠየቅ ይመቻል።

የሰዓቱ ጉዳይ የሚያስቸግረው በወረቀት ፎቶ ሳይሆን በዲጂታሉ ነው። ኤግዚፍ ለረጅም ዘመን የሰዓት ቀጠናን የሚይዝ ሳጥን አልነበረውም፤ የተጨመረለት በ2016 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተነሡ ፎቶዎች «ከቀኑ 9 ሰዓት» ሲሉ የየትኛው አገር 9 ሰዓት እንደሆነ አይናገሩም። ይህ ችግር ጎልቶ የሚታየው በሠርግ ፎቶ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ለጥር ሠርግ መጥቶ የካሜራውን ሰዓት ሳይቀይር ሲያነሣ፣ በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ሙሽራዋ ቤት ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ የተነሣው ፎቶ በካሜራው ውስጥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል። በእነርሱ በጋ ግን ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። የሦስት ሰው ካሜራ ፎቶዎች በአንድ ፎልደር ሲቀላቀሉ ሙሽራው ሳይመጣ ኬኩ ይቆረጣል፤ ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ጭፈራው ይጀመራል።

መፍትሔው አንድ በአንድ ማረም ሳይሆን የሁሉንም ሰዓት በአንድ ጊዜ መግፋት ነው። በሁሉም ካሜራዎች የተነሣ አንድ ቅጽበት፣ ለምሳሌ ቀለበት ሲደረግ ወይም ኬክ ሲቆረጥ የተነሣውን እመርጥና ሰዓታቸውን አነጻጽራለሁ። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ስልክ ካለ እርሱን መለኪያ አደርጋለሁ፤ ስልኩ የጂፒኤስ ሰዓትም መዝግቦ ከሆነ፣ እርሱ ሁልጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጻፍ፣ 3 ሰዓት ሲደመርበት የአዲስ አበባው ይገኛል። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ የዚያን ካሜራ ፎቶዎች ሁሉ መርጦ በዲጂካም «አይተም» ሜኑ ውስጥ ባለው የቀንና የሰዓት ማስተካከያ 8 ሰዓት መደመር ብቻ ነው። ልዩነቱ ድንገት 6 ሰዓት ሆኖ ከተገኘም መገረም አያስፈልግም፤ የካሜራው ባለቤት ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል ማለት ነውና 6 ሰዓት መደመር ይበቃል።

ወደ ፊደሉ ልለፍ። በአማርኛ የተጻፈ መግለጫ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ የሚታይበት ምክንያት አለው። በኤግዚፍ ውስጥ ያለው የምስል መግለጫ ሳጥን ለአስኪ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ብቻ የተሠራ ነበር። የእኛንም ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት በይፋ የተቀበለው በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ስለሆነ አሁን በእጃችን ያሉት ብዙ ፕሮግራሞች ገና አልደረሱበትም። አይፒቲሲ ዩቲኤፍ-8ን ይቀበላል፤ ነገር ግን የተጻፈው በዚያ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት፤ ያ ምልክት ከሌለ አንባቢው ፕሮግራም በግምት ያነበዋል።

አይፒቲሲ ላይ ሌላም እንቅፋት አለ፤ ሳጥኖቹ በባይት፣ ማለትም በኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ፣ የተወሰነ መጠን አላቸው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ለፎቶ አንሺው ስም የተፈቀደው 32 ባይት ነው። «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለው ስም አሥር ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 31 ባይት ስለሆነ ሳጥኑን ለብቻው ሞልቶት የአባት ስም የሚገባበት ቦታ አይተርፍም፤ ደረጃውን የሚጠብቅ ፕሮግራም ቀሪውን ይቆርጠዋል። ለአንድ ቁልፍ ቃል የተፈቀደው 64 ባይትም ለእኛ 21 ፊደል ብቻ ነው። ደረጃው የወጣው በማንም ላይ በክፋት አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ደረጃዎች ውስጥ ቦታ አልነበረንም። እንደዚህ ያለ ገደብ የሌለበት ኤክስኤምፒ ነውና አማርኛ የሚጽፍ ሰው ዋናውን መግለጫ እዚያ ማኖር አለበት። በዲጂካም ዋናው የመግለጫ ሳጥን ኤክስኤምፒንም ስለሚጽፍ ተጠቃሚው በተለይ የሚያደርገው ነገር የለም፤ በቅንብሩ ውስጥ ኤክስኤምፒ ላይ መጻፉ አለመጥፋቱን ማየት ግን ይገባል።

ኤክስኤምፒ ከዚህም በላይ አንድን መግለጫ በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ይይዛል። ከመግለጫው ሳጥን አጠገብ ያለውን የቋንቋ መምረጫ ከፍቶ አማርኛውን በአማርኛ፣ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጡንም በዕብራይስጥ መጻፍ ይቻላል። አሜሪካ ወይም እስራኤል ተወልደው ፊደል ያልቆጠሩ የእህትና የወንድም ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው። የአያታቸውን ፎቶ ሲከፍቱ ማን እንደሆነች በሚያነቡት ቋንቋ ያገኙታል፤ አማርኛውም ሳይነካ ይቀመጣል።

ታግ ወይም ቁልፍ ቃል ስንጨምር ደግሞ የሞክሼ ሆሄያት ነገር አለ። ሰው «ፀሐይ» ብሎም «ጸሀይ» ብሎም፣ «ዓለም» ብሎም «አለም» ብሎም ስለሚጽፍና ፕሮግራሙ እነዚህን ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በአንዱ አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው በሌላው የተሰየሙትን ፎቶዎች አያገኝም። ስለዚህ ለታግ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት ግድ ነው። ታጉን በየጊዜው እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ፕሮግራሙ ካለው ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ በዲጂካም ታጎች በእርከን ስለሚደራጁም «ቦታ» ከሚለው ሥር «ጎንደር»፣ ከእርሱ ሥር «የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር» እያልን ማውረድ እንችላለን። የሰው ስም ታግ ላይ «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ፊታውራሪ» የመሳሰለውን ማዕረግ ከፊት አላስቀምጥም፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲቀመጥ ወይዘሮዎቹ ሁሉ በ«ወ» ሥር ይከማቻሉና። ስም ከነአባትና ከነአያት በታጉ ውስጥ ይግባ፤ ማዕረጉ፣ የክርስትና ስሙ፣ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስም በመግለጫው ይጻፍ። የቤት ስሙን መተው ግን አይገባም፤ ብዙዎቹ ዘመዶቻችን እትዬንም ሆነ ጋሼን የሚያውቋቸው በዚያ ብቻ ነው።

የፎቶ አንሺው ሳጥን ውስጥ የሚገባው ስካን ያደረገው ሰው ሳይሆን ፎቶውን ያነሣው ነው። በአሮጌ ፎቶዎች ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ስለሚገኝ እርሱን ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸውን የመሰሉ ፎቶ አንሺዎች ሥራ በየቤቱ ተበትኖ ይገኛልና፣ ማኅተሙን የሚመዘግብ ቤተሰብ ከራሱ ታሪክ አልፎ የአገሪቱን የፎቶግራፍ ታሪክም ይረዳል።

ይህ ሁሉ ከተሞላ በኋላ የት እንደተጻፈ ማረጋገጥ ይቀራል፤ ከሁሉ በላይ የማሳስበውም ይህንኑ ነው። የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሞች ለፍጥነት ሲሉ መረጃውን በራሳቸው ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የአዶቤ የፎቶ ማደራጃ የሆነው ላይትሩም ካታሎግ በሚባለው ዳታቤዙ ውስጥ ያኖረዋል፤ ወደ ፋይሉ እንዲጽፍ ካላዘዝነው ወይም በራሱ እንዲጽፍ በቅንብሩ ካልፈቀድን እዚያው ይቀራል። በጉግል ፎቶስ የምንጽፈው መግለጫም ከፎቶዎቹ ጋር ሲወርድ የሚመጣው በፎቶው ውስጥ ሳይሆን በአጠገቡ በተቀመጠ ሌላ ፋይል ነው። በዲጂካም ቅንብር ውስጥ የሜታዳታ ገጽ ላይ ታጎችን፣ መግለጫዎችን፣ ቀኖችንና የፊት ስያሜዎችን ወደ ፋይሉ እንዲጽፍ የሚያዙ ምርጫዎች አሉና አንድ በአንድ ምልክት ይደረግባቸው። ጄፔግ በሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ላይ ሜታዳታ መጻፍ ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቀው የፎቶውን ጥራት አይቀንስም። የካሜራ ጥሬ ፋይሎችን (ሮው የሚባሉትን) ግን አለመንካት ይመረጣል፤ ለእነርሱ መረጃው በአጠገባቸው በሚቀመጥ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ይህች ፋይል ከፎቶው ጋር አብራ ካልተገለበጠች ሥራው ሁሉ ይቀራል። አሰያየሟም ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ ከዲጂካም ወደ አዶቤ ፕሮግራሞች የሚሻገር ሰው በዚያው የቅንብር ገጽ ላይ ስሙን ተስማሚ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ይኖርበታል።

ፎቶ ስንቀባበል የሚሆነውንም ማወቅ አለብን። በቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስንልከው ተጨምቆና ሜታዳታው ተራቁቶ ይደርሳል፤ እንደ ፋይል ስንልከው ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ከዘመዶቼ የድሮ ፎቶ ስጠይቅ «በፋይል ላኩልኝ» እላለሁ፤ እኔም መረጃ የሞላሁበትን ፎቶ የምልክላቸው በፋይል ነው። በዋትስአፕም ደንቡ ተመሳሳይ ነው። በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ለዓመታት የተለቀቁ ፎቶዎች የተነሡበትን ቀን ያጡት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ዋናውን ፋይል ካነሣው ሰው ስልክ ላይ መፈለግ ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥንቃቄም አለ። ለቤተሰብ የሚቀመጠው ቅጂ ሁሉንም መያዝ ሲኖርበት ለአደባባይ የሚወጣው ግን የጂፒኤስ መገኛውን መያዝ የለበትም። በዲሴምበር 2012 እ.ኤ.አ. የቤሊዝ ፖሊስ ይፈልገው የነበረው የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም ሠሪው ጆን ማካፊ ጓቲማላ ውስጥ መሆኑ የታወቀው ቫይስ የተባለው መጽሔት ባወጣው የአይፎን ፎቶ ውስጥ መገኛው ተጽፎ ስለነበር ነው። ቤታችን ውስጥ የተነሣ የልጅ ፎቶም እንዲሁ የቤታችንን አድራሻ ይናገራል። ትላልቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አብዛኛውን ሜታዳታ ለሕዝብ ከማሳየታቸው በፊት ያስወግዱታል፤ በራሳችን ድረ ገጽ ላይ ስንለጥፍ ወይም በኢሜይል ስንልክ ግን የሚያስወግደው የለም። በዊንዶውስ በዚያው በ«ዲቴይልስ» ገጽ ግርጌ የግል መረጃን አስወግዶ ሌላ ቅጂ የሚያወጣ ምርጫ አለ። ፎቶ ቆርጠን ስናወጣም ኤግዚፉ ውስጥ ለፈጣን እይታ የምትቀመጠው ትንሿ የፎቶው ምስል በአንዳንድ ፕሮግራሞች ሳትታደስ ቀርታ የተቆረጠውን ሰው ይዛ ልትገኝ ትችላለችና ለአደባባይ የሚሆነውን ቅጂ ከነኤግዚፉ አራቁቶ ማውጣት ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ፍተሻ አለ። ሥራው ሲጀመር፣ ሺህ ፎቶ ከመሞላቱ በፊት፣ የፎልደሩን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ካስቀመጥን በኋላ አንድ ፎቶ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሞልተን ዲጂካም ወደሌለበት ኮምፒውተር እንገልብጠው። እዚያ በሌላ ፕሮግራም ከፍተን የአማርኛው መግለጫ በትክክል መነበቡን፣ ቀኑ 1973 ማለቱን፣ ታጎቹ መኖራቸውን እንይ። ሦስቱም ከታዩ መረጃው በፋይሉ ውስጥ ገብቷልና የቀሩትን መቀጠል ይቻላል፤ ካልታዩ ወደ ሜታዳታው የቅንብር ገጽ ተመልሶ የትኛው ምርጫ እንደጠፋ ማየት ያስፈልጋል።